ሸራ ላይ የቀረ ግንብ

ኮምቦልቻ ካለው ፎቶ ቤቴ፣ ከኋላ ግድግዳ ተሰቅሎ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ፣ ግንብ ነበረኝ ሸራ አክሎ።
እንድሪስ ነው የሣለው፣ አይቶ ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን፤
ኮረብታ፣ ከአናቱ ግንብ፣ ከሥሩ የከተማ ቀይ ክዳን።
«የት ነው ይሄ?» ብለው፣ ብሩሹን በነጭ ጋዝ እያጠበ፣
«አውሮፓ ነዋ!» አለኝ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ እየሳበ።

በዚያ ግንብ ሥር ስንቱን ዳርኩ!
ሙሽሪት በኪራይ ቬሎ፣ ሙሽራው በተውሶ ከረባት፣
ዘማች ሊሄድ ሲል በዋዜማው፣ ሕፃን ጥርስ በሚያወጣበት ወራት፣
ተመራቂ በሰፊ ጋውን፣ ለሦስት ሰው በተረፈ፣
ሁሉም እዚያ ቆመ፤ ብልጭ አለበት፤ አለፈ።
እኔም «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳትተነፍሱ!» እያልኩ
ከጀርባቸው ያለውን አገር፣ አንድ ቀን ዞሬ አልጠየቅኩ።

ዛሬ ግራትስ ነኝ።
ልጄ ዘምዘም ናት ያስመጣችኝ።
እሷ ሥራዋን ገባች፤ እኔ ካሜራዬን አንጠልጥዬ፣
«ግንቡን ሳላነሳ አልመለስም፣ ለምሳ አትጠብቂኝ» ብዬ
ደረጃውን ተያያዝኩት፤ ቋጥኙ ላይ የተሰፋ፣
ወዲያ ወዲህ እየታጠፈ፣ ሽቅብ የሚገፋ።
መቶ ላይ ጉልበቴ ተናገረ፤
መቶ ሰማንያ ላይ ትንፋሼ አማረረ፤
አንዲት ባልቴት ከነውሻዋ፣ ሰላምታ ሰጥታኝ አለፈች፤
ውሻዋ ግን ቆማ አየችኝ፤ መሰለኝ፣ አዘነች።

ወጣሁ።
ግንቡ የለም።

ሣር አለ። አግዳሚ ወንበር።
ጽጌረዳ የወጣበት የካብ ስባሪ።
አንድ የደወል ቤት። አንድ ባለ ሰዓት ማማ፣
የእንጨት በረንዳ እንደ ሻሽ የጠመጠመ።
ሌላው ሰማይ ነው።

ፖስትካርድ ለምትሸጠው ሴት፣ «ወልትራውድ» ይላል ደረቷ፣
አየሩ ላይ ግንብ ሣልኩላት፣ እንደ እንድሪስ፣ ከፊቷ።
«ፈረሰ» አለች፣
የሷም የኔም ባልሆነ እንግሊዝኛ።
የፈረንሳይ ጦር ነው አሉ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት፣
ባሩድ አጉርሶት ሄደ።
ከተሜው እንደ ዕድር አዋጥቶ፣ ሳንቲም በሳንቲም ደምሮ፣
ቤዛ ቢከፍል ለሁሉ አልበቃ፤ ደወሉ ተረፈ፣ ሰዓቱም አብሮ።

እንዴት ያለ ገበያ ነው?
ከዚያ ሁሉ በር፣ ከዚያ ሁሉ ቅጥር፣ ከመድፉ፣ ከእስር ቤቱ፣
ሰው ኪሱን የገለበጠው
ምሳ መድረሱን ለሚነግረው።

ሰዓቱም ቢሆን ጠማማ ነው! ረጅሙ ቆጣሪ ሰዓት፣
አጭሩ ደቂቃ ይላል።
እንደ ለመድኩት ባነበው፣ ለስድስት ሰባት ጉዳይ፤
እንደ አገሬው፣ አሥር ተኩል፤
ገና ኮምቦልቻ ያለው የእጄ ሰዓት ደግሞ፣ አምስት ተኩል።
የቱን ላንሳ?

ከታች ከተማው፦ ቀይ ክዳን በቀይ ክዳን ላይ፣
ሙር ወንዝ፣ ትናንት ዘንቦበት የደፈረሰ፣
ማዶ ደግሞ አንድ ሰማያዊ ቤት
የበሬ ጨጓራ መስሎ ያበጠ።
ይህንን እንድሪስ አልሣለም።

ሁለት ወጣቶች መጡ፤ እሷ ቬሎ፣ እሱ ሸራ ጫማ።
ስልካቸውን ዘረጉልኝ።
አፌ አገሩን ረሳ፦ «አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ!»
ወላሂ፣ ታዘዙ።
«ወደ ግራ» አልኩ በእጄ፣ «ትንሽ... አሁንም ትንሽ...»
ሙሽራው ዞሮ ቀኙን አየ፤
ያን ሁሉ ባዶ ሰማይ ለምን እንደማባክን አልገባውም።
እኔም መናገሪያ ቋንቋ የለኝም፤
ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ ዓይኔ ግን
ለግንቡ ቦታ ተወ።

ሙሽሪት ፎቶውን አየችና ሳቀች፤
ጣቷን አንስታ፣ አንዴ ድገምልን አለች።
ደገምኩ።
ግንቡ አሁንም በቀኝ ነበር።